«ትራስ አምጡለት!»

ካቻምና በጥቅምት ወር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከአፌ የወጣ ቃል መልሼ ብውጠው ብዬ የተመኘሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ስለሆነ አልረሳሁትም።

የምኖረው ለቡ መብራት ኃይል ነው። በመኪናዬ ሰው እያመላለስኩ እተዳደራለሁ። የዚያን ዕለት ሥራ ትቼ የሰፈራችንን ቡድን ልደግፍ ላፍቶ ወደሚገኝ ሜዳ ሄድኩ። ፀሐዩ ዓይን ያጭበረብራል፤ ነፋሱ አቧራውን ቀስ እያደረገ ያነሳዋል፤ ተጫዋቾቹ ጭጋግ ውስጥ የሚሮጡ ይመስላሉ።

አጠገቤ አንዲት እናት ጃንጥላ ዘርግተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይኔን ስጨፍን አይተው፣ «ና ልጄ፣ ጠጋ በል፤ ለሁለት ይበቃናል» አሉኝ። ተጠጋሁ። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልተነጋገርንም። ጥላው ደስ ይል ስለነበር ግማሽ እንቅልፍ ይዞኝ ኳሷን በዓይኔ እከተላለሁ።

አንድ ለባዶ እየተመራን ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የእነሱ ተከላካይ፣ አንድ ረጅም ወጣት፣ በቴስታ ሊያወጣ ዘሎ ከእኛ አጥቂ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨ። የእኛው ግንባሩን ይዞ ተነሳ። እሱ ግን እንደወደቀ ቀረ።

«ሰዓት እየገደለ ነው! ተነስ!» አለ ደጋፊው። ፉጨቱ ቀለጠ። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ የወረወሩበትም ነበሩ። እኔም ብድግ አልኩና ባለ በሌለ ድምፄ፣ «እንቅልፉ መጥቶ ነው! ትራስ አምጡለት!» ብዬ ጮኽኩ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወዲያው በጭብጨባ ተቀበሉኝ፤ «ትራስ! ትራስ!» የሚለው ሜዳውን ዞረው። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ጃንጥላው ሲታጠፍ ሰማሁ። ዞር ስል ሴትዮዋ ቆመዋል። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም።

«ልጄ ነው» አሉኝ። «አሳልፈኝ።»

ነጠላቸውን እያጣፉ ወደ ሜዳው ገቡ። አልሮጡም። ባለፉበት በኩል ጩኸቱ እየበረደ መጣ፤ ልጃቸው ጋ ሲደርሱ የነፋሱ ድምፅ ብቻ ቀረ። ልጁ ዓይኑ ተገልጧል፤ ግን ምንም አያይም።

«መኪና ያለው!» ብሎ ዳኛው ተጣራ። እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። መኪናዬን ሜዳው ውስጥ አስገባኋት።

መንገድ ላይ ነቃ አለ። ጭንቅላቱ እናቱ ጭን ላይ ነው። «እማዬ፣ ማን አሸነፈ?» አለ። «እናንተ» አሉት። ትንሽ ቆይቶ እንደ አዲስ፣ «ማን አሸነፈ?» ይላል። «እናንተ፣ በረከት» ይሉታል ሳይሰለቹ። በመስታወቱ ላያቸው ፈራሁ። የእሑዱ መንገድ ጭር ብሏል፤ የተዘጉ ሱቆች በጎን በጎን ያልፋሉ። የምነዳው በህልሜ ይመስለኝ ነበር።

ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ስለነበር ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ተረፈ። ኳስ ግን አበቃ።

በወሩ ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እናቱ ናቸው። አፌን ሳልከፍት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስለዚያ ቀን ምንም አያስታውስም። ሲወድቅ ሰው እንደሳቀበት እንዳትነግረው» አሉኝ።

«እናቴ፣ እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ። ግባ።»

በረከት ከትራሱ ቀና ብሎ ሁለት እጄን ያዘ። «አንተ ነህ አይደል ሐኪም ቤት ያደረስከኝ? እማዬ ነግራኛለች።» ሊጠይቁት የመጡ ጓደኞቹ ተነስተው በየተራ ጨበጡኝ። እናቱን አየኋቸው። እሳቸው የምቀመጥበትን ወንበር እየጠረጉ ነበር።

ይቅርታ ልጠይቅ ገብቼ ተመስግኜ ወጣሁ። ለእሳቸው ስል ዝም እንዳልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ አንዳንዴ ግን ዝምታው ለራሴም እንደተመቸኝ ይታወቀኛል። በረከት አሁን ንፋስ ስልክ አካባቢ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። መንገድ ላይ ካየኝ ተሻግሮ መጥቶ ያቅፈኛል፤ አብሮት ላለ ሰው ሁሉ «ሕይወቴን ያተረፈው ሰው» እያለ ያስተዋውቀኛል።

ያኔ አንገቴን እደፋለሁ። እሱ ትሕትና ይመስለዋል።