ዞር በይ፣ ሚጢጢ

ጥሩምባ የምንለው ሰውዬ ሲያስነጥስ አውቶቡስ ይቆማል ይላሉ ሹፌሮቹ። ውሸት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቆመው፣ እሱም ነዳጅ ጨርሶ ነው። ግን የሰውየውን ድምፅ ላልሰማ ሰው ሌላ በምን ታስረዳዋለህ? መናኸሪያው ውስጥ ማይክ ይዞ የሚጣራው እሱ ነው። የቱ አውቶቡስ ከየትኛው መስመር እንደሚነሳ፣ የማን ሻንጣ እንደጠፋ፣ የማን ልጅ እንደተገኘ፣ ሁሉንም የሚነግርህ እሱ ነው። «ትኩረት! ትኩረት! ተሳፋሪዎች ትኩረት!» ካለ የተኛው ይነቃል፣ የነቃው ደግሞ ሻንጣውን ይደባብሳል።

ችግሩ፣ ማይኩን አስቀምጦ ቤቱ ሲገባም ያው ነው። «ጨው አቀብዪኝ» ሲል የጎረቤት ሴትዮ ጨው ይዛ ትመጣለች።

የእህቴ ባል ነው። እኔ እዛው መናኸሪያ የአውቶቡስ ረዳት ነኝ። ከትምህርት ጋር ሰባተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል፤ እሱም አልፈለገኝም፣ እኔም አልለመንኩትም። የሰው ድምፅ ማስመሰል ግን ማንም ሳያስተምረኝ ነው የቻልኩት። እህቴ ለዚህ ነው «ጦጣ» የምትለኝ።

እና ጥሩምባ አንድ አመል አለው። ልጆቹ አዲስ ነገር ባደረጉ ቁጥር ስልኩን መዥረጥ አድርጎ ይቀዳል። ቪዲዮ እንዳይመስልህ፤ ድምፅ ብቻ። «ፎቶማ ማንም ያነሳል» ይላል። ትልቁ ልጁ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። መሄድ የጀመረ ቀን ግድግዳ ካላቆመው በቀር አልቆምም ስላለ ፍሬን የለሽ ነው የምንለው። የሱ ኑሮ በሙሉ ስልኩ ውስጥ አለ። የመጀመሪያ እርምጃው እንዲህ ነው የሚለው፦

«ትኩረት! ትኩረት! ከአልጋ ወደ ወንበር የሚጓዘው ልጅ መነሻውን ለቋል! መንገድ ልቀቁ! እየደረሰ ነው... ደረሰ! ... ይቅርታ ተሳፋሪዎች፣ አልደረሰም።» ከዛ ጓ! የሚል ድምፅ፣ ከዛ ለቅሶ፣ ከዛ እህቴ፦ «አንሳው እንጂ! ምን ትለፈልፋለህ!»

የመጀመሪያ ጥርሱ ደግሞ የማንኪያ ድምፅ ነው። ድዱን በማንኪያ ነካ ነካ ሲያደርገው ቂው አለ። በቃ፣ ይሄው ነው። ይሄን ቂው ምሳ ሰዓት ላይ ለሹፌሮቹ ያሰማቸዋል፤ እነሱም ስልኩን እየተቀባበሉ ጆሯቸው ላይ ይለጥፋሉ። «ሰማችሁ? ጥርስ ነው!» አንዱ ሹፌር «እኔ ደግሞ ሸራው ያለቀ ፍሬን መስሎኝ» አለውና ስንት ጊዜ ተኳርፈው ከረሙ።

እህቴ ሁለተኛዋን ስታረግዝ ቤት ቀየሩ። አዲሱ ቤት ከመናኸሪያው ጋር በአንድ አጥር የተጣበቀ ነው። የመረጠው እሱ ነው፤ በሁለት አውቶቡስ መሀል ሮጥ ብሎ ልጁን አይቶ ለመመለስ። አንደኛው እስፒከር ፊቱን ያዞረው ወደ መስኮታቸው ነው። ጠዋት የሚቀሰቅሳቸውም፣ ምሳ የሚያበላቸውም ያው እስፒከር ነው። ሚጢጢ ከተወለደች ጀምሮ ያደገችው እዛ ነው።

ተራዋ ደርሶ እሷም መቀዳት ጀመረች። ሳቀች፣ ተቀዳ። ተገለበጠች፣ ተቀዳ፤ የሚሰማው የሱ «ተገለበጠች!» ብቻ ቢሆንም። ከዛ አንዷ ነገር አልመጣ አለች።

ፍሬን የለሽ በሷ ዕድሜ ከኋላው ሲጠሩት ዞር ይል ነበር። ስልኩ ውስጥ አለ፦ «አንተ ጎረምሳ!» ከዛ ወዲያው «ዞረ! ዞረ!» ሚጢጢ ግን አትዞርም። ከኋላዋ ይቆምና «ሚጢጢ!» ይላል። የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ሚጢጢ የእግሯን ጣት መጥባት ላይ ናት። የድስት ክዳን ያጋጫል። ፍሬን የለሽ ደስ ብሎት ሌላ ክዳን ይዞ ይመጣል። የጎረቤት ሴትዮ «ምን ተፈጠረ?» ብላ ትገባለች። ሚጢጢ ጣት ትቀይራለች።

«ትኩረት! ትኩረት! ልጅቷ በድምፅ...» ብሎ መቅዳት ይጀምርና ያቋርጣል። ያጠፋዋል። እንደገና ይቀዳል። እንደገና ያጠፋል።

«ትሰማለች» ትለዋለች እህቴ። «እኔ ሳወራት ጸጥ ትላለች።»

«ፊትሽን አይታ ነው።»

«ሳንጎራጉርላት ትተኛለች።»

«እንቅልፏ መጥቶ ነው።»

«እሺ በቃ አትሰማም! ደስ አለህ?»

«አታሟርቺ!»

ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ሲስተሯ ረጋ ያለች ናት፣ ስታወራ ራሷ እንቅልፍ ታመጣለች፦ «አባትየው፣ አይጨነቁ። ጆሮ የሚያየው ሐኪም በወሩ መጨረሻ ይመጣል፣ ያኔ በመሣሪያ ትታያለች። እስከዛ ይታገሱ።» ይታገሱ! ዕድሜውን በሙሉ «ፍጠኑ፣ ሊነሳ ነው» ሲል የኖረን ሰው!

ከዛን ቀን ጀምሮ መቀመጫው እሳት ሆነበት። አውቶቡስ ጠርቶ ይሮጣል፣ «ሚጢጢ!» ይላል፣ ተመልሶ ይሮጣል፣ እያለከለከ አውቶቡስ ይጠራል። እህቴን «ከናንተ ዘር የማይሰማ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠይቋት ያን ቀን ምሳውን ራሱ አሞቀ። ማይክ ላይም ይቀባጥር ጀመር። «የአስር ሰዓቷ ሚጢጢ» አለ አንዴ። ሌላ ቀን የመስመር አራትን ሰው ወደ መስመር ሁለት ልኮ፣ አንድ ሙሽራ ሰርጉ የሌለበት ከተማ ሊወርድ ለጥቂት ተረፈ።

ተቆጣጣሪያችን ጠራው። ይሄ ሰውዬ ያለ «እንግዲህ» መጀመርም መጨረስም አይችልም፦ «እንግዲህ ጥሩምባ፣ አንድ ነገር ልንገርህ እንግዲህ። አንድ ስህተት ብትደግም እንግዲህ፣ ማይኩን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ እንግዲህ።»

በምሳ ሰዓት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ምግቡን አልነካውም። «ስማ ጦጣ» አለኝ፣ በሱ ቤት ምስጢር ማውራቱ ነው። «ይሄ ሁሉ መንገደኛ ይሰማኛል። የማላውቀው ሰው ይሰማኛል። እሷ ጆሮ ካልደረስኩ ምን ይሠራልኛል ይሄ ጉሮሮ?»

አጠገባችን የነበሩት ሹፌሮች መጉረስ አቆሙ። እኔም ሳህኑን ወደሱ ገፋ አድርጌ «ብላ ጋሼ፣ ይቀዘቅዛል» አልኩት።

በማግስቱ እህቴ ቤት ምሳ እየበላሁ ነው። ሚጢጢ ምንጣፉ ላይ በትራስ ተደግፋ የፕላስቲክ ኩባያ ታኝካለች። ከውጭ ጥሩምባ እንደልማዱ ቤቱን ይሞላዋል፦ «የሰባት ሰዓቱ አውቶቡስ ተሳፋሪዎች፣ አውቶቡሳችሁ የሚነሳው ከመስ...»

ድርግም። መብራት ጠፋ።

እዛ ቤት እንደዛ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ሚጢጢ ኩባያውን ከአፏ አወጣችና ጣለችው። አንገቷን ወደ መስኮቱ አቅንታ ጠበቀች፤ በር ላይ ዘመድ እንደሚጠብቅ ሰው። ከዛ የታች ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ ከዛ ለቀቀችው! እህቴ ጡት ሰጠቻት፣ እምቢ። ፍሬን የለሽ ኩባያውን አቀበላት፣ እምቢ። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው።

መብራቱ መጣ። «ትኩረት! ትኩረት!» አለ እስፒከሩ። ሚጢጢ ለቅሶዋን እንደ ቧንቧ ዘጋችው። ስቅ እያላት ኩባያዋን መፈለግ ጀመረች።

«አየህ?» አለችኝ እህቴ።

«አየሁ።»

«ለምዳው ነው እኮ! ከተወለደች ጀምሮ ሲጮህባት፣ ለሷ እንደ ግድግዳው ሆኖባት ነው። ግድግዳ ደግሞ ማን ዞሮ ያያል? ሲጠፋባት ነው የደነገጠችው!» ተነስታ ቆመች። «ድገመው!»

«ምኑን?»

«መብራቱን አጥፋው!»

«እኔ መብራት ነኝ እንዴ?»

ሮጠን ነገርነው። አላመነም። «ልታጽናኑኝ ነው» አለ። «በጆሮዬ ካልሰማሁ፣ ካልቀዳሁ አላምንም።» ግን እንዴት ይሁን? ድምፁ የሚቋረጠው እሱ ማይክ ላይ ሲሆን ነው። ማይክ ላይ ከሆነ ደግሞ ቤት የለም። ከዛ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ጦጣ።»

«አቤት ጋሼ።»

«የኔን ድምፅ ታወጣለህ አሉ።»

«ማነው ያለው?»

«ሹፌሮቹ በሙሉ።»

«ስሜን ሊያጠፉ ነው።»

«አውጣው።»

ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ትኩረት! ትኩረት!» አልኩ። በበሩ በኩል ያልፍ የነበረ መንገደኛ ሻንጣውን አንስቶ ቆመ።

ጥሩምባ አፉን ከፍቶ አየኝ። «እኔ እንደዚህ ነኝ?»

«ትንሽ ቀንሼልህ ነው እንጂ።»

እንዲህ ተባባልን፦ ተቆጣጣሪው ምሳ ሲወጣ እኔ ማይኩ ጋ እገባለሁ። አንድ ሁለት አውቶቡስ በደንብ እጠራለሁ። ሦስተኛው ላይ መሀል ቆርጬ ዝም እላለሁ፤ እሱ እስኪደውልልኝ ድረስ ትንፍሽ የለም።

በነጋታው ተቆጣጣሪው ወጣ፣ ጥሩምባ ስልኩን ይዞ በረረ፣ እኔ ገባሁ። የመጀመሪያውን ጠራሁ። ማንም ቀና ብሎ አላየም። ሁለተኛውን ጠራሁ፤ ሰው ተሰልፎ ገባ። ወንበሩ ተመቸኝ መሰለኝ የጠፋ ሻንጣም ጨመርኩ፣ ማንም ሳይጠፋበት። ከዛ፦ «የስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ተሳፋሪዎች፣ አውቶቡሳችሁ የሚነሳው ከመስመር ቁጥር...»

ዝም አልኩ።

ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ቀና አለ። ጠበቀ። «ቁጥር ስንት?» አለ አንዱ። አንድ ወፍራም ሰውዬ በልበ ሙሉነት ወደ ግራ ሲሄድ ግማሹ ተከተለው። ሌላው ግማሽ ወደ ቀኝ ሄደ። መሀል ላይ ተጋጩ። አንዲት ሴትዮ መስኮቴን ትደበድባለች፦ «አንተ! ጨርሰው እንጂ! ከመስመር ስንት?» ስልኬን አየሁ። አይጠራም። በሩ ተከፈተ፤ ተቆጣጣሪው፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ።

«እንግዲህ... ጥሩምባ የት ሄደ እንግዲህ?»

አፌን ብከፍት ድምፄ በማይኩ ወጥቶ እዛ ቤት ሊገባ ነው። በእጄ ይጠብቁኝ አልኩት። እጁን ወደ ማይኩ ዘረጋ። ማይኩን በመዳፌ አፍኜ እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አቀፍኩት።

«እንግዲህ አበድክ?» ይጎትታል፣ እጎትታለሁ። ስልኬ አይጠራም። በቃ አላለቀሰችም አልኩ በልቤ። በቃ፣ እውነትም አትሰማም። እህቴን ምን ብዬ ነው የማያት?

ይሄኔ ከአጥሩ ማዶ፣ ያለ ማይክ፣ ያለ እስፒከር፣ ያለ ምንም፦

«ዞረችችችችች!»

መናኸሪያው በሙሉ ወደ አጥሩ ዞረ። የተቆጣጣሪው ስንጥር ከአፉ ወደቀ። ማይኩን ለቀቀልኝ፤ እኔም አፌን አስጠግቼ «...ሦስት! መስመር ቁጥር ሦስት!» አልኩና ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ።

ቅጂውን የሰማሁት ማታ ከሥራ ስንወጣ ነው። መጀመሪያ ከሩቅ ጥሩምባ አለ፣ ማለት እኔ፣ «ከመስመር ቁጥር...» ሲል። ከዛ ጸጥታ። ኩባያ ይወድቃል። ፍሬን የለሽ «አባዬ፣ ሚጢጢ ልታለ...» ሲል «ሽሽሽ» ይባላል። ከዛ ለቅሶ ሊጀምር ሲል የሚሰማው ያ የትንፋሽ ማጠር። ከዛ ደግሞ አንድ የማላውቀው ድምፅ አለ። ማነው አልኩ፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ጥሩምባ ነው። ከኋላዋ ተንበርክኮ፣ እንዳታለቅስበት ፈርቶ፣ «ሚጢጢዬ... አለሁ» ይላታል፤ ከላባ የቀለለ ድምፅ ነው፣ ከየት እንዳመጣው እሱም አያውቅም። ከዛ «እህ?» የሚል ትንሽ ነገር። እሷ ናት። መስኮቱን ትታ ወደሱ ስትዞር። ከዛ በኋላ ያለውን መናኸሪያው በሙሉ ሰምቶታል።

ተቆጣጣሪው ነገሩን ሲሰማ ትንሽ አሰበና «እንግዲህ ማይኩ ያንተ ነው እንግዲህ። ይሄ ጦጣ ግን እዚህ ክፍል ድርሽ እንዳይል እንግዲህ» አለ። እኔ ምንም አልከፋኝም፤ እንግዲህ።

በወሩ መጨረሻ ሐኪሙም በመሣሪያው አያት፤ ጆሮዋ ደህና ነው አለ። ሲስተሯ «አዩ? ይታገሱ ብዬዎት ነበር» ስትለው ሰምቷት እንደሆነ እንጃ። መንገድ ላይ ሲመለሱ ስልኩን አውጥቶ የድሮዎቹን ቅጂዎች መስማት ጀምሯል። ቂው።

«ፍሬን የለሽ በዚህ ጊዜ ጥርስ ነበረው» አለ።

«ተዋት» አለች እህቴ።

«አንድም እኮ የላትም። ሐኪሙን መጠየቅ ነበረብን። እንመለስ?»

አሁን ቤት ሲገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው፣ ማለት ዝቅ ያደረገ ይመስለዋል፤ ጨው ሲጠይቅ የጎረቤት ሴትዮ አሁንም ትመጣለች። ትናንት በሁለት አውቶቡስ መሀል ሮጦ ሲገባ በር ላይ ተላለፍን። ላብ በላብ ሆኗል። በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው ማንኪያ።