ዳንጊሶና የጎማው ብሎኬት

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ብዕር የምይዝ ሰው አይደለሁም፤ ፊደሌም ጠማማ ነው። የጀመርኩትን ቀድጄ ጥዬ ነበር። ግን ዳንጊሶን የሚያውቅ ሁሉ ዝም ካለ ማን ይናገርለታል ብዬ፣ እያፈርኩም ቢሆን ይኸው።

ዳንጊሶ በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ወጣቱ ሁሉ በማኅበር ተደራጅ በሚባልበት ዘመን፣ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ግርጌ ከማኅበሩ ልጆች ጋር ብሎኬት ያመርት ነበር። ከዚያ በፊት ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ ይሠራ ስለነበር የጎማ ነገር አይጠፋውም። ቁርጥራጩን ከትክቶ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ጋር አቦካና ብሎኬት አወጣ። ሰው ሳቀበት። በኋላ ግን የጋሪ ፈረሶች ማደሪያ ላይ አነጠፈው፤ ፈረሶቹ መንሸራተት ተዉ።

ይህ ብሎኬት አንድ አመል ነበረው። ቢወረውሩት አይሰበርም፤ ከባድ ነገር ሲጭኑበት ግን ሆዱ ይነፋና ይሰነጠቃል። ዳንጊሶ ግቢው ውስጥ ደራርቦ አይቶታል። «ለወለል ብቻ! ግድግዳ እንዳታስቡ!» ብሎ ለማኅበሩ ልጆች ነግሯቸዋል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ዮፍታሄ ግን ጆሮም አልሰጠው። ዳንጊሶ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ በወባ ተኝቶ ሳለ ብሎኬቱን ለወይዘሮ ፀሐይ ሸጠላቸው። እሳቸውም ሰው ብሎኬት ሲገዛ እንደሚያደርገው አንዱን ከትከሻቸው ከፍ አድርገው ለቀቁት፤ ነጠረ። «ይሄማ ብረት ነው!» አሉና የውሃ ታንከር ማስቀመጫ አስገነቡበት። ከሥሩ ተጠግቶ ደግሞ ተከራያቸው ወንጌላዊት ከሕፃን ልጇ ጋር የምትኖርበት ክፍል አለ።

ዳንጊሶ ይህን የሰማው ከወባው ተነስቶ እንደተመለሰ ነው። መዶሻ ይዞ እየሮጠ ደረሰ። ውሃ መጥቶ ታንከሩ እየሞላ ነው፤ ዮፍታሄና ሁለት ጉልበተኞቹ ከሥሩ ቆመው ያያሉ።

«እትዬ ፀሐይ፣ ውሃውን ይዝጉት! ይወድቃል!»

«ምን ሆነሃል አንተ? ወርውሬ ሞክሬዋለሁ እኮ! እንደ ኳስ ነው የነጠረው።»

«መወርወርና መሸከም አንድ አይደለም፣ እትዬ! እባክዎ…»

«ወባው አናቱ ላይ ወጥቶ ነው፣ እትዬ» አለ ዮፍታሄ እየሳቀ። «ሂድ፣ በረባሶህን ሥራ!»

ዳንጊሶ የሚሰማው ሲያጣ፣ ሳይሞላ ላፍርሰው ብሎ መዶሻውን አነሳና የታችኛውን ረድፍ መታ። መዶሻው ተፈናጥሮ ግንባሩን ፈነከተው። ሳቁበት። ዮፍታሄ ሳቁን ሳይጨርስ በቡጢ አፉ ላይ አሳረፈበት። ጉልበተኞቹ ወገቡን በእርግጫ አሉት። ዳንጊሶ የአንዱን እጅ እስኪደማ ነከሰ። ይኼኔ ዮፍታሄ የፌሮ ብረት አንስቶ የዳንጊሶን ክንድ ሲለው አጥንቱ ቋ አለ።

«በቃ! ልትገድሉት ነው እንዴ?» ጮኹ ወይዘሮ ፀሐይ።

ወደ ውጪው በር ይሸሻል ሲሉት እየዳኸ ወንጌላዊት ክፍል ገባ። ልጇን ታጥብ ነበር። ደም የለበሰ ሰው ሲገባባት ዘነዘናውን አንስታ ትከሻውን አለችው።

«ውጪ! ልጅሽን ይዘሽ ውጪ!» ብሎ በደህና እጁ ቀሚሷን ጎተተ።

እሷ ምን ሰምታ! «ያገር ያለህ! ገደለኝ!» እያለች ሕፃኑን አቅፋ በላዩ ላይ ዘላ ወጣች።

ደጃፉን እንዳለፈች የታችኛው ረድፍ ሆዱን ነፋ። ከዚያ ውሃው፣ ታንከሩ፣ ብሎኬቱ አንድ ላይ ወረደ። የክፍሉ ግድግዳ ተደርምሶ አልጋውን ቀበረው። ዮፍታሄ እግሩ ፍርስራሽ ሥር ተቀርቅሮ እንደሚታረድ ከብት አጓራ። ዳንጊሶን ከበሩ መቃን ሥር ጎትተው ሲያወጡት ደም ተፋና «ሕፃኑስ?» አለ። ወንጌላዊት ቀረብ ብላ አሳየችው። ዘነዘናው ግን ገና ከእጇ አልወረደም።

በማግስቱ ጠዋት ዳንጊሶ የተሰበረ ክንዱን በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ማኅበሩ ግቢ ሄደ። ዮፍታሄ ለሌላ ቤት ግድግዳ ያስመረተው የጎማ ብሎኬት፣ ገና ያልጠና፣ ሜዳው ላይ ተደርድሯል። የማኅበሩ ልጆች «ኧረ ተው! የስንት ሰው ላብ ነው!» እያሉ ሲጮሁበት፣ አንድ በአንድ በተረከዙ ረግጦ አፈራረሰው።