የኤንግራሲያ ጣፋጭ ጋን

እስካሁን ሳስበው እርር ድብን እላለሁ። የሚያናድደኝ ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ እኛው ነን፣ የፉዌንሴካ መንደር ወንዶች።

ኤንግራሲያ በወይን ገበሬዎች ማኅበራችን የወይን ጠጅ መጋዘን ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሌላው ጭማቂ ሁሉ ስኳሩ እስኪያልቅ ፈልቶ ደረቅ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ የአንዱን ጋን ግን ለእሷ እንተውላት ነበር። መፍላት ሲጀምር ጠዋትና ማታ በማንኪያ ትቀምሰዋለች። ጣፋጭነቱ ሳያልቅ፣ ልክ "በቃ" ባለች ቀን፣ ቀዝቃዛው ምድር ቤት ወዳለው ጋን አስወርዳ መፍላቱን ታስቆመዋለች። ቀይ፣ ለስለስ ያለ፣ ምላስ ላይ ጣፈጥ የሚል ነው። ማንም አላስተማራትም፤ በማንኪያዋ ብቻ ነው የደረሰችበት።

"ከኬክ ጋር እንዳታቀርቡብኝ!" ትለን ነበር። "ጣፋጭ በጣፋጭ ላይ ምን ይሠራል? ጨው የበዛበት የፍየል አይብ ስጡት፤ የሚያቃጥል ቋሊማ ስጡት። ደግሞ ቀዝቀዝ ይበል፤ ሾርባ አይደለም!"

በኅዳር፣ አሳማ በሚታረድበት ሰሞን፣ በርበሬ የጠገበው ቋሊማና በሽንኩርት የተሠራው የደም ቋሊማ ከምድጃ ሲወጣ ያ ጋን ይጎድላል። የሚያጎድለው ማን ነው? እኛ! ቡና ቤት ስንቀመጥ ግን "የሴት መጠጥ" እንለዋለን። ከሁሉ የሚብሰው ሲሪያኮ ነው፤ ሰው ፊት ያፌዝበታል፣ ጓሮ ዞሮ ሦስት ብርጭቆ ይገለብጣል።

ባለፈው ጥቅምት የማኅበሩ ሊቀመንበር ዶን ኡርባኖ ስብሰባ ጠሩ። ጋኑ ያለ ጥቅም ቦታ ይዟል አሉ። የዘንድሮው ጣፋጭ ከደረቁ ጋር ይቀላቀል፣ ከዚያ በኋላም አይሠራ።

"ይቀላቀል የሚል እጁን ያውጣ።"

ኤንግራሲያ በሩ አጠገብ ቆማለች። ሠራተኛ እንጂ አባል ስላልሆነች ድምፅ የላትም። ሲሪያኮ ግራ ቀኙን አየና እጁን አወጣ። ጎኑ ያለውም እሱን አይቶ አወጣ። በጓደኞቹ ፊት ለሴት መጠጥ የሚሟገት ወንድ ከየት ይምጣ? ሁሉም እጅ ወጣ። የእኔም ወጣ። ሌላው ይከላከልለታል ብዬ ነበር፤ ለካ ሁሉም እንደዚያው ብሏል። ፈሪ ሁላ!

እሷ በሩን ዘግታ ወጣች።

ኅዳር ገባና በሲሪያኮ ግቢ አሳማ ታረደ። ቋሊማው ሲደርስ ኤንግራሲያ እንደ ወትሮዋ ማሰሮዋን ይዛ መጥታ ቀዳችልን። ሲሪያኮ ጎረሰ፣ አንድ ጊዜ ጨለጠና ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ደረቁ ወይን ጠጅ በርበሬውን ይባስ አንድዶበት ነበር።

"እትዬ ኤንግራሲያ፣ ምን ነካሽ? ያንን አምጪው እንጂ!"

"የቱን?"

"አትቀልጂ እባክሽ! ያንን ነዋ!"

"እኔ የያዝኩት የወንድ መጠጥ ነው" አለችው። "የሴቱን የሚፈልግ እጁን ያውጣ።"

እኔ ከጣፋጩ ደብቃ አስቀርታ ይሆናል ብዬ ልቤ ዘለለች። እጄን አወጣሁ። ከዚያ ሲሪያኮ፣ ከዚያ ሌሎቹ፤ ቅባት የነካው እጅ ሁሉ ወጣ።

አንድ በአንድ አየችን። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም።

"የጋኑን ቧንቧ በገዛ እጄ ነው ያስከፈታችሁኝ" አለች። "እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ከደረቁ ጋር ሲቀላቀል ቆሜ አየሁት። አውርዱ እጃችሁን።"