ነጃትን ሁለቴ ጠየቅኳት

ይሄን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ውሸቱን፣ ሐሜቱን፣ የገደፍኩትን ጾም ሁሉ ዘርዝሬ፣ ይቺን ብቻ ዋጥ አድርጌ ነው ከቁስቋም የምወርደው። ኃጢአት መሆኗን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አውቃለሁ።

አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም። የሦስት ወር ሥልጠና ወሰድኩና ቀጨኔ ውስጥ አንድ ትንሽ መዋዕለ ሕፃናት በረዳትነት ገባሁ። ከሥልጠናው ይዤ የመጣሁት አንድ የፎቶኮፒ ጥራዝ ነበር። ልጅ በደረጃ ያድጋል ይላል፤ በዚህ ዕድሜው ይሄን ያስባል፣ በዚያ ዕድሜው ያን ይረዳል። ሰንጠረዥ አለው፣ ሳጥን አለው፣ በቃ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። እንዴት እንደወደድኩት! ለኔ ለወደቅኩት፣ ሰው የምለካበት ነገር በእጄ ሰጡኝ። እውነቱን ልናገር? ከልጆቹ ይልቅ ሰንጠረዡን ነበር የማየው።

ሰኔ ላይ ከኬጂ ሦስት ወደ አንደኛ ክፍል የሚያልፉትን እንድለይ ዳይሬክተሯ አዘዘችኝ። "የሠለጠንሽው አንቺ ነሽ" አለች። ሰማይ ነካሁ። ሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆ ውስጥ እኩል ውሃ እቀዳለሁ፤ አንዱን ልጁ እያየ ቀጭን ረጅም ብርጭቆ ውስጥ እገለብጣለሁ። የቱ ይበልጣል? "እኩል ነው" ያለ ደርሷል። ጥራዙ እንዲያ ነበር የሚለው።

ነጃት የባለሱቁ የጋሽ ሸምሱ ልጅ ናት። ቤታቸው ስልጥኛ ነው የሚነገረው፤ ክፍል ውስጥ ብዙም አትናገርም። እኔ ደግሞ ዝምታዋን አይቼ ልቤ ውስጥ ካልደረሱት ጋር ከመደብኳት ቆይቻለሁ። ውሃውን ገለበጥኩ።

"የቱ ይበልጣል?"

"እኩል ነው፣ ሚስ።"

በግምት ነው አልኩ። ይቺ ልጅ ከየት አምጥታ? ፊቴን ኮስተር አድርጌ ደገምኩት። "ነጃት፣ ደህና አድርገሽ እዪ። የቱ ይበልጣል?"

ብርጭቆውን አላየችም። እኔን ነው ያየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ረጅሙን በጣቷ ነካች። "አልደረሰችም" ብዬ ጻፍኩ።

ውጤቱ የሚቀርበው ዓርብ ነው። ሐሙስ ማታ ዘይት ልገዛ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። እሱ ይቀዳል፣ ነጃት ባንኮኒው ላይ ተንጠላጥላለች። አንዲት ጎረቤታችን ጠርሙሷን አንሥታ ጮኸች።

"ሸምሱ፣ ዛሬስ አጎደልክብኝ! ለዚያችኛዋ እስከ አንገቱ ሞልተህላት!"

ነጃት ሳቀች። "እትዬ አስካለ፣ የእርስዎ ጠርሙስ ሆዱ ሰፊ ነው እኮ! ዘይቱ እኩል ነው፣ በአንድ ጣሳ ነው የተለካው።"

"ውይ ምላሷ! አንተ፣ ይቺን ጠበቃ ከየት አመጣሃት?" ሴትየዋ እየሳቀች ሄደች።

ወደ ነጃት ጠጋ አልኩ። "ታዲያ እኔ ስጠይቅሽ ለምን ረጅሙ ይበልጣል አልሽ?"

"ሁለቴ ጠየቅሽኛ፣ ሚስ። ተሳሳትኩ ብዬ ነው።"

እውነቷን ነው። እኛም እንደዚያው ነው ያደግነው። ትልቅ ሰው ጥያቄ ከደገመ፣ መልስሽን ቀይሪ ማለቱ ነው። እኔ ራሴ ስንት ትክክለኛ መልሴን እንዲህ አጥፍቻለሁ? ይሄ ግን ጥራዙ ውስጥ አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ ስህተት በሉት። ከዚህ በኋላ ያለው ስህተት አይደለም። ዓርብ ጠዋት ዳይሬክተሯ ወረቀቴን አገላብጣ "ጎበዝ፣ መስከረም ላይ ሙሉ መምህርት አደርግሻለሁ" አለችኝ። "ነጃት ላይ ተሳስቻለሁ" ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። አላልኩም። እያወቅኩ ዝም አልኩ፣ እያወቅኩ!

ጋሽ ሸምሱ ውጤቱን ሰምቶ ትምህርት ቤት መጣ። "ልጄ እኮ ቤት አፏ አይዘጋም" አለኝ። እኔስ ምን አልኩት? "ጋሼ፣ ይሄ በጥናት የተረጋገጠ ነው፤ ያልደረሰ ልጅ አይገፋም።" እኔ ነኝ ያልኩት፣ በዚህ አፌ። "እሺ፣ እናንተ የተማራችሁት ታውቃላችሁ" ብሎ እጅ ነሥቶኝ ወጣ።

ነጃት ዓመቱን ከትንንሾቹ ጋር ደገመች፤ ጉልበቷ ከጠረጴዛው በላይ እየታየ። "ደጋሚ! ደጋሚ!" ይሏታል። ጭራሽ መናገር ተወች። መናገር መተዋንም ምልክት አደረግኩበት፤ ሰንጠረዡ ልክ ነበር ለማለት። በሚቀጥለው ሰኔ ብርጭቆዎቹን ሳስቀምጥ፣ ውሃውን ሳልገለብጥ ገና "አላውቅም፣ ሚስ" አለችኝ።

ዛሬ ሙሉ መምህርት ነኝ። ነጃት አድጋለች፤ በዕድሜዋ ብቻ አንደኛ ክፍል ገብታ፣ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ተወችው፣ ሱቁን የምትጠብቀው እሷ ናት። ሁልጊዜ በሌላ መንገድ ነው የምዞረው። ባለፈው ሳምንት ግን መብራት ጠፍቶ ሄድኩ።

"ሻማ አለ?"

"አለ" አለች መሰለኝ፤ ድምፅዋ አይሰማም። ደገምኩት። "ነጃት፣ ሻማ አለ ወይ?"

ቀና ብላ አየችኝ። "የለም፣ ሚስ።"

ሻማው ከጀርባዋ መደርደሪያው ላይ ይታየኛል።

ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ምን ትለኛለች? "እሺ" ነው የምትለኝ። እኔ ምንም ብላት እሺ ነው የምትለኝ፤ እንዲያ ያደረግኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ አልጠየቅኳትም። እናንተንም አልጠይቅም።