የሞቱት አያት ስንዴ

በዚያ የድርቅ ዘመን መርሳ ከተማ አስተምር ነበር። ተማሪ ሲጠፋ፣ ቤተሰቦችን እንደገና ሊመዘግብ ከወልድያ ለመጣ ሹም ጸሐፊ ሁን ተባልኩ። የገበሬ ማኅበሩን መዝገብ ምስጥ ስለበላው፣ በየቤቱ ማን እንደሚኖር ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተደረገው ቆጠራ ወረቀት ሊያወጣ ነው። ሰዉ ግን ደጃፉ ላይ ተቀምጧል! ቀና ቢል ያየዋል። ቀና ማለት ከክብሩ በታች ሆነበት መሰለኝ።

የእርዳታው ስንዴ የሚታደለው በነፍስ ወከፍ ነው። ከቆጠራው ወዲህ የተወለደውን ሕፃን ሹሙ በጎረቤት ምስክር ይቀበላል። ከዚያ በፊት ተወልዶ ወረቀቱ ላይ የሌለ ግን ለእሱ ስንዴ ለማብዛት የተዋሱት ልጅ ነው። ይህን ሳይንሳዊ አሠራር ይለዋል። እኔ ደመወዝ የሚከፈለው ድንቁርና እለዋለሁ።

ከግራና ቀበሌ የመጣች አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ቀረበች። አጥንቷ የወጣ ልጅ ናት፤ በቆጠራው ጊዜ ገና አራስ ቤት ነበረች።

«ያኔ ለምን አላስቆጠርሻትም?»

«ክርስትና ሳትነሣ ምን ብዬ ላስቆጥራት ጌታዬ? ስምስ መቼ ወጣላት?»

«እንግዲያው የለችም።»

ልጅቷ እፊቱ ቆማ ታየዋለች። እሱ ወደሚቀጥለው መስመር አለፈና የሴትዮዋን ባል አባት ስም ጠራ።

«አባባማ ከድርቁ በፊት አረፉ። ተዝካራቸውንም አውጥተናል።»

«የሞተበት ማስረጃ አለ?»

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። ለሟች አንቱታ እንኳ የነፈገ ሰው ምን ይባላል?

«ከሌለ በሕይወት አለ» ብሎ አስጻፈኝ። «የእደላው ዕለት ራሱ ቀርቦ አቤት ይበል።»

በዕድሜዬ ብዙ ሹም አይቻለሁ፤ እንደሱ የናቅሁት ግን የለም።

በእደላው ዕለት መጋዘኑ በር ላይ ወንበር አስወጥቶ፣ አፍንጫውን ወረቀቱ ውስጥ ቀብሮ ስም ይጠራ ጀመር። የሟቹ ሽማግሌ ተራ ደረሰ።

«አቤት!» አለች አንዲት ቀጭን ድምፅ።

እናቷ ከኋላ ገፋ አደረገቻት። ልጅቷ ባዶ ማዳበሪያዋን እየጎተተች ወጣች። ስንዴ ሰፋሪው አየኝ፤ እኔም አየሁት።

ሹሙ ቀና ሳይል በአያቷ ስም አንጻር ምልክት አደረገ። ስንዴው ተሰፈረላት።