ሦስተኛው ክፍል ይቆጠራል ወይ?

ጨዋታውን የፈጠረው ወንድሜ ነው። ካርታ የለው፣ ጠጠር የለው፤ በአፍ ብቻ ነው። አንዱ መሪ ይሆንና "ሶደሬ ፍል ውኃው ሥር ዋሻ ውስጥ ገብተሻል። በግራ ጨለማ ነው፣ በቀኝ አዞ ያንኮራፋል። በየት ትሄጃለሽ?" ይልሻል። ከተሳሳትሽ ሞትሽ። በየመንገዱ ደግሞ ብርቱካን የምትሸጥ አሮጊት አለች። ገንዘብ አትቀበልም፤ "አንድ እውነት ስጪኝ" ትላለች። ከዋሸሻት አለቀልሽ። የመጀመሪያው ክፍል ሶደሬ ነበር፣ ሁለተኛው ላንጋኖ። እኛ ሰፈር ሁለቱን በቃሉ የማይወጣ ልጅ አልነበረም።

ከዚያ አፈሳው መጣ። ናዝሬት ውስጥ ወጣት ወንድ ከመንገድ እየተለቀመ ወደ ጦር ማሠልጠኛ ይጫን ጀመር። ሰው ሲጠይቃት እናቴ "አጎቱ ጋ አርሲ ሄዷል" አለች። ወንድሜ ግን ከጭንቅላታችን በላይ፣ በአቡጀዲው ኮርኒስና በቆርቆሮው መሀል፣ አግዳሚው ላይ በሆዱ ተኝቶ ነበር።

እሱ ሲጠፋ ተከታይ ክፍል የሚያወጣው በዛ። አንዱ ታንክ አስገባበት፣ አንዷ ሠርግ። ስለዚህ መዳኘት ጀመርን። በእረፍት ሰዓት፣ ትምህርት ቤቱ ግራር ሥር፣ ልክ እንደ ቀበሌ ስብሰባ፦ "የምትደግፉ እጅ አውጡ! የምትቃወሙ! ድምፀ ተአቅቦ!" ታንኩም ሠርጉም ወደቁ።

ይህን ስነግረው ወንድሜ ተንገበገበ። እራቱን ሳቀብለው በስንጥቁ በኩል ሦስተኛ ክፍል በሹክሹክታ ነገረኝ።

"የራሴ ነው ብለሽ አቅርቢው። ይቆጠር እንደሆነ ልየው።"

"አብደሃል?"

"አንቺ፣ እዚህ ቆርቆሮ ሥር ሌላ ምን አለኝ?"

አቀረብኩት። በጣሪያ ውስጥ ስለሚጓዝ ሰው ነው። ቀና ማለት አይችልም፤ የሚያየው የሰው አናት ብቻ ነው። አሮጊቷ ብርቱካኗን ከታች ትወረውርለታለች፣ እውነቱን ግን ጮክ ብሎ ሊነግራት አይችልም። እያወራሁ ሳለ የምለውን ሰማሁት። መደበቂያውን ነው የማወራው።

ከጓደኞቼ አንዱ ቀደመ። "ይሄ ያንቺ አይደለም። አንቺ ሳትሳደቢ ወሬ ጨርሰሽ ታውቂያለሽ?"

ሁሉም ሳቁ።

"የኔ ነው! ደግሞ ቆሻሻ ነው፣ ጣሉት!"

"ሰው የገዛ ሥራውን እንዲህ ይጥላል? አሮጊቷን አልሰማችሁም? የወንድሟ ነው!"

"አስመስዬ ነው እኮ! የውሸት ነው፣ አይቆጠርም!"

በሕጋችን አቅራቢ ድምፅ የለውም። እጆች ወጡ። የኔ ክፍል እንዲጣል የምለምነው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ ከሁሉም ዘግይታ እጇን አወጣች። ክፋት የላትም፤ ጨዋታውን ከማናችንም በላይ ትወደው ነበር።

"የሱ ነው" አለች። "ግን ከመሄዱ በፊት ነግሮሽ ቢሆን እስከ ዛሬ ሆድሽ አይችለውም ነበር። ደግሞ ሰውየው ለምንድን ነው ሁሉን ነገር ከላይ የሚያየው?"

"ጨዋታ ነዋ!"

"ማታ ለአባዬ እነግረዋለሁ። ሁለተኛውን በጣም ወዶት ነበር።"

ደወል አልጠበቅሁም። በአጥር ዘልዬ ቤት ስደርስ እናቴ ጎመን ትከትፋለች። ነገርኳት። ቢላውን አስቀመጠች፣ ቀሚስና ሻሽ ከሳጥን አወጣች። ወንድሜ ሲወርድ እግሩ አልታዘዘው አለ፤ ግድግዳ ይዞ ቆመ። ፂሙን በችኮላ ላጨችው።

"ተቆጠረ?" አለኝ።

"ያለ አንድ ተቃውሞ።"

ፊቱ በራ። በእናቴ ቀሚስ ውስጥ ቆሞ እንደ ሕፃን ፈገግ አለ። "አላልኩሽም?"

"ዝም ብለህ ቁም!" አለችው እናቴ፣ ሻሹን እያሰረችለት።

ሽንኩርት ሊያመጡ ወደ መቂ የሚሄዱ ነጋዴ ሴቶች መሀል፣ የጭነት መኪና ላይ ወጣ። ቅርጫት አቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ማታውኑ ሊቀመንበሩ ከሁለት ጠበንጃ ያዦች ጋር መጣ። ለእናቴ "እንደምን አመሹ" አላት በትሕትና። ከዚያ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየና በረጅም እንጨት ወጋው። አቡጀዲው ተቀደደ። አቧራ ወረደብን፤ ቀጥሎም ደርቆ የከረመ የብርቱካን ልጣጭ። እሱን በእግሩ ገለበጠው።

"አርሲ ነው ያሉኝ አይደል?"

"አርሲ" አለች እናቴ።

ወንድሜ የተሳፈረበት መኪና የሞጆን ኬላ ይለፍ አይለፍ ገና አላወቅንም ነበር።