የማር ዛፍ ብለው የሸጡልን

አባቴ ዘሩን ያዘዘው በቴሌግራም ነው። «የማር ዛፍ» ይለዋል ሻጩ፤ ፎቶው ላይ ንብ የወረረው ነጭ አበባ፣ ከሥሩ ደግሞ «ንብዎ ከግቢዎ አይርቅም» የሚል ጽሑፍ። ጥቅሉ በሚኒባስ ዳንግላ ሲደርስ አባቴ ራሱ ሄዶ ተቀበለ። ከቀፎዎቹ ፊት ለፊት ተከለው፣ እንደ ልጅ ተንከባከበው፣ አበባውን ሳያይ ሞተ።

ዛፉ ጣራውን ካለፈ በኋላ አበበ። አበባው ቀይ ሆነ፤ ትልልቅ፣ እንደ ጽዋ የጎደጎደ። ቀለም እንኳ የማይለዩ ሌቦች ብዬ ሳቅሁ።

የምሠራው እንጅባራ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ዘንድ እመጣለሁ። በመጣሁ ቁጥር የቀፎዎቹ ድምፅ ቀንሶ አገኘዋለሁ። ንቦቹ ጠዋት ይወጣሉ፣ አይመለሱም። ንብ ሲሰደድ ማሩን ጠጥቶ ነው የሚሄደው፤ የእኛዎቹ ማሩን እንዳለ ትተውት ነው የጠፉት። ጎረቤቶቻችን የሞተው ባለቤታቸው እየጠራቸው ነው ብለው ያንሾካሽካሉ። እኔ ለእንዲህ ያለ ወሬ ትዕግሥት የለኝም፤ ግን አመሻሽ ላይ ግቢው ጭር ሲል ቶሎ ወደ ቤት እገባ ነበር።

እናቴ ዶሮዎቿን ለጎረቤት ሰጠች። ምግብ ሲቀርብላት ጠግቤአለሁ ማለት አበዛች። አንድ ቅዳሜ ስገባ መግነዣዋን አጥባ ገመድ ላይ አስጥታዋለች። ምነው እማዬ አልኳት።

«መጀመሪያ ንቦቹን፣ ቀጥሎ እኔን። አባትህ እየጠራን ነው» አለችኝ። ፊቷ ላይ ሐዘን የሚባል አልነበረም፤ ይበልጥ ያስፈራኝም እሱ ነው። የታመመ ሰው ሐኪም ቤት ይወሰዳል፤ ተጠርቻለሁ ብሎ የተዘጋጀን ሰው ወዴት ይወስዱታል?

በማግስቱ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እኔ ግቢ መጥረግ ጀመርሁ። ሌላ ቀን የረገፈውን አበባ በማለዳ ጠርጋ ጉድጓድ የምትጥለው እሷ ነበረች። አንዱን አነሳሁት፤ ከበደኝ። ዘቅዘቅ ሳደርገው የሚዝለገለግ ውኃ መዳፌ ላይ ፈሰሰ፤ ከውኃው ጋር የሞቱ ንቦች፣ እርስ በርስ ተጣብቀው። ሌላውንም አነሳሁ። እሱም እንደዚያው። ወደ ጉድጓዱ ሄጄ አየሁ፤ ከበሰበሰው አበባ መሐል በሞተ ንብ ጥቁር በጥቁር ሆኗል።

የዛፉን ፎቶ አንስቼ ንቦቼን ገደላችሁ ብዬ ለሻጩ ላክሁለት። «እንኳን ደስ አለዎት፣ አድጎልዎታል» ብሎ መለሰልኝ። ብዙም ሳይቆይ የአባቴ ዛፍ ቻናሉ ላይ ወጣ፤ ከሥሩ ያው ጽሑፍ አለ፣ ንብዎ ከግቢዎ አይርቅም።

እናቴ ስትመለስ ሌላ አበባ አንስቼ ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ገለበጥሁት። ጎንበስ ብላ ንቦቹን በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻቸው።

«አባትህ አይደለማ የወሰዳቸው?»

አይደለም፣ ዛፉ ነው አልኳት። ተገላገልን ብዬ ነበር። እሷ ግን ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«እንግዲያው እኔንም አልጠራኝም» አለችና፣ አባቴ ከተቀበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። መግነዣው ገመዱ ላይ ደርቋል፤ እኔ አንስቼ አጠፍሁት።